የጉዳይ ጥናት፦ አንድ ቤተሰብ በሳን ሳልቫሪዮ፣ ምግቡ፣ ምሽቱና የሰዓቱ ጣጣ

ልጅ ሊያስመርቁ ከአዲስ አበባ ወደ ጣሊያን የሚመጡ ወላጆች አስቀድመው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ የት እናድራለን? ምን እንበላለን? ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ቀላል ናቸው። አንድ ሰፈር ውስጥ ሲገናኙ ግን ይጠላለፋሉ። ይህ ጉዳይ የሚመዘገበው ለዚያ ነው።

ሰፈሩ ቶሪኖ ውስጥ የሚገኘው ሳን ሳልቫሪዮ ነው። ቤተሰቡ አራት ሰው ነው፦ አባት፣ እናት፣ ፍራንክፈርት የምትኖር ትልቋ ልጅ፣ እና ከፖሊቴክኒኮ ዲ ቶሪኖ ማስትሬቱን የያዘው ወንድሟ። ስማቸው ይቅር። እኔ ከተማዋን ስለማውቃት አብሬያቸው ነበርኩ፤ የምጽፈውም ያየሁትን ነው። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ሰዓቱን በእኛ ያደረግኩበት ምክንያት ወደ ታች ሲነበብ ይገባል።

ሰፈሩ እንዴት እዚህ ደረሰ

ሳን ሳልቫሪዮ ከፖርታ ኑኦቫ ባቡር ጣቢያ ጎን ይጀምራል። በአንድ በኩል ቪያ ኒትሳ ከሀዲዱ ጋር ትሄዳለች። በሌላው በኩል የቫለንቲኖ መናፈሻና የፖ ወንዝ አሉ። ከመሀል ከተማው የሚለየው ኮርሶ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ብቻ ነው፤ መንገዱን ተሻገሩ፣ ገቡ።

ከድሮም የድብልቅ ሰው ሰፈር ነው። ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ በ1848 ለቫልዴዝ ፕሮቴስታንቶችና ለአይሁዶች የዜግነት መብት ሰጠ። ሁለቱም የጸሎት ቤታቸውን የሠሩት እዚህ ነው። የቫልዴዞቹ ቤተ ክርስቲያን በ1853፣ ባለ ጉልላቱ ምኩራብ ደግሞ በ1884 ተመረቀ። ዛሬ በእግር ጥቂት ደቂቃ ራቅ ብሎ መስጊድም አለ። ፊያት የመጀመሪያ ፋብሪካውን በ1900 የከፈተው በዚሁ በኩል፣ ኮርሶ ዳንቴ ላይ ነው። ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ ይመጣል። መጀመሪያ ቶሪኖ ካለችበት ክልል፣ ከገጠሩ ፒዬሞንቴ፣ ቀጥሎ ከደቡብ ጣሊያን፣ በኋላ ከሞሮኮ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሴኔጋል፣ ከሩማንያ፣ ከቻይና መጣ።

በ1990ዎቹ የሰፈሩ ስም ጠፋ። የመኪናው ኢንዱስትሪ ተዳክሞ፣ ቤቶቹ አርጅተው፣ ጋዜጦች ሳን ሳልቫሪዮን የሚያነሱት ከዕፅ ሽያጭ ጋር ብቻ ሆነ። ዛሬም ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ የቶሪኖ ሰው «እዚያ ማደር?» ብሎ ቅንድቡን ያነሳል።

መነሳቱ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ነዋሪዎችና ማኅበራት ናቸው። በ2003 የሰፈሩ የልማት ኤጀንሲ ተቋቋመ። በ2010 ቪያ ሞርጋሪ ላይ የነበረው አሮጌ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ታድሶ የሰፈር ቤት ሆነ፤ ካፌ አለው፣ ትምህርት ይሰጥበታል፣ የጎረቤት ግብዣ ይደረግበታል። በ2011 ሜትሮው በቪያ ኒትሳ ሥር አልፎ እስከ ሊንጎቶ ተዘረጋ፣ ሰፈሩም ማርኮኒ የሚባል ጣቢያ አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት የሱቆችንና የመጠጥ ቤቶችን የሥራ ሰዓት ነጻ አደረገ። ብዙም ሳይቆይ በፖ ወንዝ ዳር ያሉት፣ ሙራትሲ የሚባሉት የጭፈራ ቦታዎች በፍርድ ቤት ጉዳይ ተዘጉ። የከተማው ወጣት የሚሄድበት አጣ። ሳን ሳልቫሪዮ ደግሞ ኪራዩ ርካሽ፣ ተማሪው ቅርብ ነበር። ቪያ ባሬቲ፣ ቪያ ሳንታንሴልሞና ላርጎ ሳሉትሶ በባር ተሞሉ።

እድገቱ ዋጋ አስከፍሏል። ነዋሪው እንቅልፍ አጣ። ከስብሰባና ከአቤቱታ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2021 የቶሪኖ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ማዘጋጃ ቤቱ የሌሊቱን ጩኸት ባለመቆጣጠሩ ለ29 ነዋሪዎች ካሳ እንዲከፍል ፈረደ፤ ጠቅላላው ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ልብ በሉ፣ የተከሰሰው ባሩ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ይህን ፍርድ ቤተሰቡ ቤት ከመያዙ በፊት አንብቦት ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ባልተጻፈ ነበር።

ቤተሰቡና ዕቅዱ

ወላጆቹ የመጡት በጥቅምት ነው። ሐሙስ ጠዋት ሚላኖ ማልፔንሳ አርፈው በአውቶቡስ ቶሪኖ ገቡ። ምርቃቱ ዓርብ ነው። እሑድ ይመለሳሉ። አባት ምግብ ወዳድ ናቸው፤ በተለይ ሥጋ። እናት ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዚያም በኋላ የጾም ምግብ ብቻ ነው የሚበሉት። በአገር ቤትም በሰው አገርም ያው ነው።

ማረፊያውን የያዘችው ልጅቷ ናት። ለምርቃቱ ቦታ ቅርብ፣ ለባቡር ጣቢያው ቅርብ፣ ከታች ምግብ ቤት የሞላበት። ፎቶው ያምራል፣ ነጥቡ ከፍ ያለ ነው። አፓርታማው ሁለት መኝታ ክፍል አለው። አንደኛው ሰፊ ሆኖ ወደ መንገዱ የሚያይ በረንዳ አለው። ሁለተኛው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ውስጠኛው ግቢ ይከፈታል። እንግዲህ ለወላጅ የቱ ይሰጣል? ባለ በረንዳው፣ ምን ጥያቄ አለው።

ችግሩ

መጀመሪያ የተጋጨው ሰዓቱ ነው። ተመራቂው ለሐሙስ እራት ጠረጴዛ ይዞ በቴሌግራም «7:30 ምግብ ቤቱ በር ላይ» ብሎ አድራሻውን ላከ። እሱ በጣሊያን ዓመታት ኖሯል፤ 7:30 ለሱ ማታ ነው። ለወላጆቹ ግን ሰባት ተኩል ከምሳ ሰዓት ውጪ ምን ሊሆን ይችላል? በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ከአውቶቡስ እንደወረዱ፣ አባት ኮት እናት ነጠላ ለብሰው ምሽት ብቻ የሚከፍት ምግብ ቤት በር ላይ ቆሙ። ቆርቆሮው ወርዷል። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስልኩ ዝግ ነው። ልጅቷ ገና ባቡር ላይ ናት። ስደርስ አባት «ተዘግቷል እኮ፣ ከስሯል መሰለኝ» አሉኝ።

ሁለተኛው የጾሙ ሰዓት ነው። የጣሊያን ምግብ ቤት ማድ ቤት ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ስድስት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ይሠራል። ከዚያ ይዘጋል። ድጋሚ የሚከፈተው ከምሽቱ አንድ ተኩል አካባቢ ነው። እናት ጾም የሚፈቱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልክ ማድ ቤቱ በተዘጋ በግማሽ ሰዓት ነው። ዓርብ ዕለት ከነጾማቸው ምርቃት ላይ ቆመው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የሚበላ ካጡ እስከ ምሽት መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። ይህን ማንም አስቀድሞ አላሰበበትም።

ሦስተኛውና ትልቁ የሌሊቱ ነው። ሐሙስ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ከበረንዳው ሥር ሰው መሰብሰብ ጀመረ። የሚረብሸው ሙዚቃው እንኳን አልነበረም፤ ሙዚቃው ከውስጥ ነው። በጠባብ መንገድ፣ በረጃጅም ፎቆች መሀል ብርጭቆ ይዞ የቆመ በመቶ የሚቆጠር ወጣት ወሬ ወደ ላይ ይወጣል። ስምንት ሰዓት ድረስ ቀጠለ። ጋብ ሲል ደግሞ የብርጭቆ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና መጣ፤ በጠርሙስ የተሞላውን ማጠራቀሚያ አንስቶ ሲገለብጠው እናት ቁጭ አሉ። ጠዋት ለቡና ስንገናኝ አባት «ሰርግ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሰርግ ቢሆን በወደዱ፤ ሰርግ ያልቃል። ይሄኛው ገና ዓርብና ቅዳሜ ይቀረዋል።

የተደረገው

የሰዓቱን ነገር ልጅቷ ወዲያው ፈታችው። ለአራቱ አንድ መልእክት ጻፈች፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ በሁለቱም አቆጣጠር፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚል ቃል ሳይቀር። «ዓርብ ማታ 12 ሰዓት (በነሱ 18:00)» እንደማለት። ከዚያ በኋላ ማንም የተዘጋ በር ላይ አልቆመም።

የሐሙሱ እራት በነገራችን ላይ የጉዞው ምርጥ ምግብ ሆነ። ፒዬሞንቴ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ይበላል። ብዙ የእኛ ሰው ይህን አያውቅም፤ ጣሊያን ሲባል ፓስታና ፒሳ ብቻ ነው ትዝ የሚለው። ፋሶና የሚባለው የአካባቢው የከብት ዝርያ ቀይ ሥጋ በቢላ ደቆ፣ የወይራ ዘይትና ጨው፣ አንዳንዴም ሎሚ ጠብ ብሎበት ይቀርባል። ክትፎ ነው፤ ቅቤና ሚጥሚጣ ቀርቶበት። አባት አንድ ጎረሱና ዝም አሉ። ቀጥለው ወደ እናት ዞሩ። እናት ምንም ሳይሉ ከቦርሳቸው በወረቀት የተጠቀለለች ሚጥሚጣ አወጡ። አስተናጋጁ ምንድን ነው ብሎ በጣቱ ጫፍ ቀመሰ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ «አንድ ደቂቃ» ብሎ ጥቅልሏን ይዟት ወደ ማድ ቤት ገባ። ስትመለስ ግማሽ ነበረች።

ሂሳብ ሲመጣ ግን አባት ተቆጡ። ለእያንዳንዱ ሰው ኮፔርቶ የሚባል ክፍያ ተደምሯል፤ ለዳቦውና ለጠረጴዛው ነው። «ዳቦ መች አዘዝኩ?» አሉ። ሜኑው ላይ ከታች በትንሹ ተጽፏል። እስከተጻፈ ድረስ መክፈል ነው። በሌላ በኩል ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ይህ ሲነገራቸው ትንሽ በረድ አሉ።

ለዓርቡ ጾም ሁለት መንገድ ተዘጋጀ። የመጀመሪያው በዘጠኝ ሰዓት የማይዘጋ ቤት መፈለግ ነው። እዚህ ላይ የሰፈሩ ስደተኛ ታሪክ ጠቀመ። የጣሊያኑ ማድ ቤት ሲዘጋ የሰሜን አፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች የሚያንቀሳቅሷቸው ትንንሽ ቤቶች ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ፈላፍል ሽምብራ ነው፤ በዘይት የተጠበሰ፣ ከሰላጣና ጠሂና ከሚባለው የሰሊጥ ስጎ ጋር። እርጎ ያለበትን ስጎ አታድርጉብን ማለት ብቻ ነው። እናት ከምርቃቱ ወጥተው፣ ልጃቸው የሎሬል አክሊል ራሱ ላይ ደፍቶ አጠገባቸው ቆሞ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ፈላፍላቸውን ያዙ።

ሁለተኛው መንገድ ለማታ ነው። ጣሊያን «ቬጀቴሪያን» ሲል አይብና እንቁላል ውስጥ አለ። «ቬጋን» ይሻላል፤ ግን እያንዳንዱ አስተናጋጅ ምግቡ ውስጥ ያለውን ሁሉ አያውቅም። የአውሮፓ ሕብረት ሕግ ምግብ ቤቶች 14 የአለርጂ ምክንያቶችን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ «የአለርጀኒ ዝርዝሩን አሳዩን» ስትል በአንድ ገጽ ላይ የጾሙ ነገር ግማሹ ተመለሰ። ግማሹ የምለው ሥጋና የአሳማ ስብ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉ ነው። ግሪሲኒ የሚባለው የቶሪኖ ቀጭን ደረቅ ዳቦ አንዳንዴ በአሳማ ስብ ይሠራል፤ ያንን በአፍ መጠየቅ ግድ ነው።

የፒዬሞንቴ ምግብ ደግሞ ለጿሚ ወጥመድ አለው። ታያሪን የሚባለው ቀጭን ፓስታ በእንቁላል አስኳል ነው የሚቦካው። የደረቁ ፓስታ ግን ብዙውን ጊዜ ስንዴና ውሃ ብቻ ነው። ባኛ ካውዳ የሚባለው የነጭ ሽንኩርትና የዘይት ትኩስ ስጎ ሲታይ የጾም ይመስላል፤ ውስጡ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይቀልጣል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቤተሰቡ ትቻለሁ። እናት አልበሉም።

ያበላቸው ፋሪናታ ነው። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው። ሌላ የለውም። በሰፊ የመዳብ ትሪ ተደርጎ የእንጨት እሳት ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ጠርዙ ሲከስል መሀሉ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ቁንዶ በርበሬ ይነሰነስበታል፣ ትኩስ ትኩሱን ይበላል። እናት ሁለተኛ ቁራጭ ሲጠይቁ አባት የእሳቸውን ፒሳ ትተው ከእናት ሳህን መቁረስ ጀመሩ።

ለእንቅልፉ ሦስት ነገር ተሞከረ። ልጅቷ ለአከራዩ ጻፈች። መልሱ ትህትና ነበረው፣ ገንዘብ ግን አልነበረውም፤ ማስታወቂያው ላይ «ሕያው ሰፈር» ተብሎ ተጽፏል አለ። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል። ከፋርማሲ የጆሮ መድፈኛ ተገዛ። በመጨረሻ የክፍሎቹ ጉዳይ ተነሳ። የቶሪኖ አሮጌ ሕንጻዎች በውስጠኛ ግቢ ዙሪያ ነው የተሠሩት። ወደ ግቢው የሚያየው ጠባብ ክፍል ውስጥ ገብተን በሩን ስንዘጋ፣ በቀትር እንኳን የመንገዱ ድምፅ የለም። አባት እምቢ አሉ። «እኛ ጓዳ፣ ልጆቹ ሳሎን?» ልጅቷ «አባዬ፣ ጓዳ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው የምሰጣችሁ» አለች። እናት ምንም ሳይከራከሩ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገቡ። ጉዳዩ በዚያ አበቃ።

ምሽቱ እንዴት ተከፈለ

ተመራቂው የመጀመሪያ ሐሳቡ ወላጆቹን በአምስት ሰዓት ማታ ላርጎ ሳሉትሶ ወስዶ የሰፈሩን ድምቀት ማሳየት ነበር። ዓርብ ተሞከረ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ አደባባይ ጢም ብላለች። መቀመጫ የለም። ሰዉ መጠጡን ገዝቶ መንገድ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ለሃያ አምስት ዓመት ልጅ ደስታው ያ ነው። ለስልሳ ዓመት ሰው ግን ወገብ ነው። ቶሎ ተመለሱ።

ቅዳሜ ዕቅዱ ተገለበጠ፤ ከዕቅዶቹ ሁሉ የተሳካው ይሄ ይመስለኛል። ቀኑ የተጀመረው በጠዋት፣ ማዳማ ክሪስቲና አደባባይ ባለው ገበያ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያደሰው በማታ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ጠዋቱን እመርጣለሁ። የጥቅምት ቃሪያ ቀይና ቢጫ ሆኖ ተከምሯል፣ የፒዬሞንቴ ለውዝ መሳይ ፍሬ ኖቾላ በጆንያ አለ፣ እንጉዳዩ ገና አፈር አልተራገፈለትም። እናት አንድ እጅ ባሲል አንስተው አሸተቱና «በሶብላ ነበር፣ ግን ደክሟል» አሉ። ሻጩ የሞሮኮ ሰው ነው፤ ያሉት ሳይገባው አንድ እስር በነጻ ጨመረላቸው።

ማታው ለሁለት ተከፈለ። ከ12 ሰዓት እስከ ሁለት የወላጆቹ ነው፤ ከዚያ በኋላ የልጆቹ። የአፔሪቲቮ ሰዓት ማለት ነው። አንድ መጠጥ ይታዘዛል፤ ከመጠጡ ጋር የሚበላ ይመጣል፣ ወይም ከጠረጴዛው ሄዶ ይነሳል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዩሮ ነው፣ ምግቡ በዚያው ውስጥ ነው። ወንበር ይገኛል፣ ሰው በቀስታ ያወራል፣ ሌላው ሳይጀምር እነሱ ይጨርሳሉ። አባት መጀመሪያ የምግቡን ጠረጴዛ የሌላ ሰው ድግስ መስሏቸው አልነኩም። ሲገባቸው ግን ተነሱ።

ቶሪኖ ለዚህ ልማድ መብት አላት። አንቶኒዮ ቤኔዴቶ ካርፓኖ የዛሬውን ቬርሙት በ1786 የሸጠው እዚህች ከተማ ነው፤ ወይን በቅጠላ ቅጠል ተዘፍዝፎ። አባት ብርጭቆውን አሽትተው «አሪቲ አለው» አሉ። አልተሳሳቱም፤ ቬርሙት ለመባል የአሪቲ ወገን የሆነ ተክል ሊገባበት ግድ ነው። እናት አልኮል የሌለውን መራራ ብርቱካንማ ለስላሳ ያዙ፤ በየባሩ አለ፣ «አናልኮሊኮ» ማለት ይበቃል።

ሁለት ሰዓት ላይ ወላጆቹ ወደ ጓዳቸው፣ ማለትም ወደ ግቢው ክፍል ገቡ። ልጆቹ ወጡ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጠጥ ቤቶች አልኮል መሸጥ በሕግ ስለማይችሉ፣ ሰዉም ተበተነ፣ እነሱም ተመለሱ። መንገድ ዳር ያለው ክፍል ውስጥ የተኙት እነሱ ስለሆኑ የሚያማርር አልነበረም። ጩኸቱ ውስጥ እነሱም ነበሩበታ።

የሠራውና ያልሠራው

ክፍል መቀያየሩ ሠርቷል። ምንም ወጪ አልጠየቀም፣ ከሁሉም በላይ ጠቀመ። በሁለት አቆጣጠር የተጻፈው ቀጠሮ ሠርቷል። የአለርጂ ዝርዝሩ ምግብ ቤት ውስጥ ሠርቷል።

ቡፌ ላይ ግን አልሠራም። ዓርብ ማታ የተመራቂው ጓደኞች ባዘጋጁት አፔሪቲቮ ላይ ሃያ ዓይነት ሳህን ተደርድሯል፣ አንዱም ላይ ጽሑፍ የለም። ቀዝቃዛው ፓስታ ውስጥ አይብ ይኑር ዓሣ አስተናጋጇም አታውቅም፤ መዝገቡን አምጥታ ብታገላብጥም የትኛው ሳህን የትኛው እንደሆነ አልለየችም። እናት ወይራ ፍሬና ቀይ ቀለም የተቀባ የምርቃት የለውዝ ከረሜላ በልተው ወደ ፋሪናታው ሄዱ። በጾም ቀን ቡፌ አይታመንም።

የጆሮ መድፈኛው አልሠራም። አባት ሞክረውት ራሳቸውን ስተው የተኙ ያህል ፈሩ፤ እናት «ልጆቼ ቢጠሩኝስ?» ብለው አልነኩትም። ከአከራዩ ገንዘብ ማስመለስም አልሆነም። ከዚህ በኋላ መከራከር እንደማያዋጣ ነው የተሰማኝ፤ የመንገዱ ጩኸት የአከራዩ ጥፋት ነው ማለት ይከብዳል። ለነዋሪዎቹ የተፈረደው ካሳም ከዓመታት ሙግት በኋላ የመጣ ነው።

ስለ ደኅንነቱ ወላጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ተፈራርተው ነበር። አባት ድሮ የተጻፈ ነገር አንብበዋል። ያጋጠመ ነገር የለም። ይህ ማለት ሰፈሩ መላእክት የሚኖሩበት ነው ማለት አይደለም፤ ጣቢያው አካባቢ ቦርሳን ወደ ፊት ማድረግ፣ ጥግ ላይ ቆሞ «ትፈልጋለህ?» ለሚል ልጅ መልስ ሳይሰጡ ማለፍ ነው።

ለሌላ ሰፈርም የሚሆነው

የሮማ ትራስቴቬሬም ሆነ ፒኜቶ፣ የሚላኖ ናቪሊም ሆነ ፖርታ ቬኔሲያ፣ የምግብና የማታ ስም ያወጡ የጣሊያን ሰፈሮች ጠባያቸው ይመሳሰላል። ቤት ሲያዝ «ለማዕከል ቅርብ ነው ወይ?» ከሚለው በፊት «መስኮቱ ወዴት ያያል?» የሚለው ይጠየቅ። በጣሊያንኛ «ኢንቴርኖ ኮርቲሌ» የተባለ ክፍል የግቢ ክፍል ነው። ማስታወቂያ ላይ «ሕያው» የሚል ቃል ካለ፣ የእንግዶች አስተያየት ውስጥ ስለ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት የተጻፈውን ብቻ ለይቶ ማንበብ ነው። የማክሰኞ እንግዳ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። ሳን ሳልቫሪዮ ውስጥ ራሱ ከኮርሶ ማርኮኒ ወደ ደቡብ ሲወረድ ረገብ ይላል፤ በእግር አሥር ደቂቃ ልዩነት ነው።

ከሽማግሌ ጋር የሚጓዝ ሰው ምሽቱን አንድ ላይ ለማሳለፍ አይጨነቅ። አብሮ መብላት ግድ ነው፣ አብሮ ማምሸት አይደለም። የአፔሪቲቮ ሰዓት ሁለቱን ያስታርቃል። እራት ከተፈለገም በተከፈተበት ደቂቃ፣ ከምሽቱ አንድ ተኩል ላይ ጠረጴዛ መያዝ ነው፤ ጣሊያኑ ሁለት ተኩል ላይ ሲመጣ እናንተ ሂሳብ ትጠይቃላችሁ።

ጿሚ ካለ ደግሞ በዘጠኝና በአንድ ተኩል መካከል ያለውን ክፍተት ከመነሳት በፊት መሙላት ይገባል። በሳን ሳልቫሪዮ ፈላፍል ሞልቶታል። በሌላ ከተማ በቁራጭ የሚሸጥ ፒሳ ቤት አለ፤ ማሪናራ የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም።

ይህ ሁሉ በጥቅምት ነው። በፍልሰታ ጾም የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ሌላ ሰፈር ነው። ነሐሴ ላይ ቶሪኖ ለእረፍት ወደ ባሕርና ወደ ተራራ ትሄዳለች፣ ብዙ ምግብ ቤትም «ኪውሶ ፔር ፌሪዬ» (ለእረፍት ተዘግቷል) የሚል ወረቀት ለጥፎ ይዘጋል። ያኔ ባለ በረንዳው ክፍል ውስጥ በሰላም ይተኛል፤ የፋሪናታው ምድጃ መብራቱን ግን አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።